አዳማ ላይ የገዛኋት ባለ 42 ካሬ ቢሮ፣ ከ11 ወር በኋላ

ክፍሏን አይቼ የወደድኋት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የምሠራባት ግን በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ስንት ብር እንደሚያወጣ ያወቅሁት ከገዛኋት በኋላ ስለሆነ፣ አነስተኛ ቢሮ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ክፍሏ አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ በተሠራ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ትገኛለች። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ለተለያዩ ባለቤቶች የተሸጠ ቢሮ ነው። የሕንፃውንም ሆነ የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ አለ፣ ቅሬታውም የዚህ ሕንፃ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እኔ ከሁለት ሠራተኞች ጋር የሒሳብ መዝገብ የምይዝና ግብር የማማክር ሰው ነኝ። ስለዚህ ግምገማዬ የሒሳብ ሠራተኛ ግምገማ ነው፤ ሐኪም ወይም ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ያይ ይሆናል።

ከመግዛቴ በፊት ለ6 ዓመት ተከራይቼ ሠርቻለሁ፣ በዚያም ጊዜ ሦስት ጊዜ ለቅቄያለሁ። ቢሮ መቀየር ዕቃ መጫን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ አይሱዙ ይበቃው ነበር። ነገር ግን አድራሻ በተለወጠ ቁጥር የተረጋገጠ አዲስ የኪራይ ውል ይዞ ንግድ ጽሕፈት ቤት መመላለስ፣ በግብር ከፋይነት መዝገብ ላይ የሰፈረውን አድራሻ ማስለወጥ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው አዲሱን አድራሻ እንዲያትም ማስተካከል፣ ከዚያም «የት ገባችሁ?» ለሚል ደንበኛ ሁሉ በስልክ መንገድ ማስረዳት ይከተላል። የመጨረሻው አከራዬ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኪራይ የጨመረብኝ ወቅትና ዕቁብ የደረሰኝ ወቅት ስለተገጣጠመ፣ ባለቤቴ የራሷን ቁጠባ ጨምራበት ለመግዛት ወሰንን። የከፈልነው ዋጋ በመጨረሻ እንከፍለው ከነበረው ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የ15 ዓመት ኪራይ ያህል ነው። ይህ እንግዲህ ኪራይ ባለበት ቢቆም ነው፤ ባለበት የቆመ ኪራይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያ የስፋቱን ጉዳይ ላንሣ። በካርታው ላይ የተጻፈው 42 ካሬ ሜትር ነው። ቁልፉን በተረከብሁ ማግስት ሜትር ይዤ ስለካው ውስጡ በርዝመት 7 ሜትር ከ10፣ በወርድ 4 ሜትር ከ80 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም 34 ካሬ ከምናምን ነው። የቀረው 8 ካሬ ገደማ የግድግዳ ውፍረት፣ የኮሪደርና የደረጃ ድርሻ ነው ተባልሁ። ማጭበርበር ነው ልል አልችልም፤ የጋራ መጠቀሚያ ድርሻን ጨምሮ መሸጥ የተለመደ ነው፣ ጠይቄ ቢሆን ኖሮም ይነገረኝ ነበር። ችግሩ ዋጋ ያነጻጸርሁት ለ42 አካፍዬ መሆኑ ነው። ለ34 ሳካፍለው የአንዱ ካሬ ዋጋ በ23 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ በዚያው ሰሞን ዋጋዋ ተወደደብኝ ብዬ የተውኋት ሌላ ክፍል ደግሞ የውስጥ ስፋቷ ብቻ ተለክቶ ነበር የቀረበችልኝ። በሰው ሒሳብ ውስጥ ሳንቲም የምፈልግ ሰው በራሴ ቤት ይህን ማለፌ እስካሁን ያሳፍረኛል። በአንዱ ጥግ የቆመው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ምሰሶም ቦታ ይበላል፤ ፋይል መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር እንዳይገጥም የሚያደርገው እሱ ነው። ለማንኛውም ሦስት ጠረጴዛ፣ አራት መደርደሪያና ሁለት የእንግዳ ወንበር ችላለች። አራተኛ ሠራተኛ ግን አይታሰብም።

አሁን ወደ ፀሐዩ እመጣለሁ። የክፍሏ መስኮት ወርዱን ሙሉ የሚይዝ መስታወት ነው፣ የሚያየውም ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ስትገቡ ቀዝቃዛ፣ ብሩህና ጸጥ ያለች ክፍል ናት፤ ደላላው ደንበኛ ሁሉ በዚያ ሰዓት እንደሚያመጣ በኋላ ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ትገባለች፣ 10 ሰዓት ላይ የውስጠኛው ግድግዳ ላይ ትደርሳለች። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃታማ ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ቢሆንም በሚያዝያ ወር ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥሁት ቴርሞሜትር 34 ዲግሪ ሲያሳይ ከሙቀቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ የደረሰኞቹ ነገር ነበር።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ቀለም የለውም። የሚጽፈው ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ሙቀት ያለበት ቦታ ካስቀመጡት ይጠቁራል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ጽሕፈቱ እየደበዘዘ ይጠፋል። የአንድ ደንበኛዬን የሦስት ወር የግዢ ደረሰኞች በካርቶን አድርጌ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬ ነበር። የዘመን መለወጫ ሰሞን ሳነሣው ከላይ የነበሩት ነጭ ወረቀት ሆነው ጠበቁኝ፤ አንዱን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ብቻ እንደ ጥላ ይታያሉ። ደግነቱ ወርኃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያው ሲቀርብ ዝርዝሩ ተመዝግቦ ነበር፣ ብዙዎቹንም ከሻጮቹ ኮፒ እየለመንን ተካናቸው፤ ቢሆንም ኦዲተር በዚያ ሳምንት ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባ ደረሰኝ ሁሉ በዕለቱ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ መደርደሪያዎቹም በሙሉ ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ ዞረዋል።

መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም አስለጥፌያለሁ፣ ወፍራም መጋረጃም ሰቅያለሁ፤ ሙቀቱ ጥቂት ቀንሷል። መስኮት መክፈት እንደ መፍትሔ የሚታየው አዳማን ለማያውቅ ሰው ነው። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ያ ነፋስ ለአገር መብራት ይሰጣል፣ እኔ ቢሮ ሲገባ ደግሞ አቧራውንም ደረሰኙንም ይዞ ይዞራል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ ድንጋይ አለ፤ ደንበኞች ለጌጥ ይመስላቸዋል።

እስካሁን ቅሬታ ብቻ የጻፍሁ ይመስላል፤ ሆኖም ክፍሏን ለሌላ ሰው ብትሸጣት ወይ ብባል አልሸጣትም እላለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቷ ንጹሕ ነው። አዳማ ውስጥ ካየኋቸው ሰባት ክፍሎች መካከል የተናጠል ካርታ የነበራቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚባልላቸው ናቸው፤ ይህም ሲተረጎም ሕንፃው በሙሉ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ድርጅት ስም ነው፣ ገዢው የሚይዘው ውል ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ባለቤቱ ሕንፃውን ለባንክ ቢያሲዝ ወይም በዕዳ ቢከሰስ ክፍሉን ሊያጣ ይችላል፣ እሱም በተራው ክፍሉን ዋስትና አድርጎ ልበደር ቢል የሚሰማው ባንክ አያገኝም። ከሁለቱ አንዷ በአንጻሩ ለመኖሪያ ተብላ የተመዘገበች ነበረች፤ ዋጋዋ ቢያጓጓም ነገ ለንግድ ፈቃድ ካርታ ሲጠየቅ ጣጣ ያመጣል ብዬ ተውኋት።

ካርታው እንደሚጠበቀው በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነው። እኔ ለገበያ የሚበቃ ቋንቋ አለኝ፣ ካርታ ለማንበብ ግን አይበቃም፤ ስለዚህ ከሠራተኞቼ አንዷ ከሻጩ ፊት ቁጭ ብላ ቃል በቃል አነበበችልኝ። አገልግሎት የሚለው ቦታ ላይ «ዳልዳላ»፣ ማለትም ንግድ፣ የሚል መሆኑን ያረጋገጥነው በዚህ መንገድ ነው። መሬቱ በሊዝ የተያዘ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለንግድ የሚፈቀደው ዘመን በአዲስ አበባ እስከ 60፣ በሌሎች ከተሞች እስከ 70 ዓመት ስለሆነ፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እንዳለፈና የሊዝ ክፍያው ተጠናቅቆ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደላሎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። የእኔው ደላላ «ጋሼ፣ ሰባ ዓመት ምን ያደርግልዎታል?» ብሎኝ ነበር፤ ሳቄ ቢመጣም ጥያቄውን አልተውሁትም።

ይኸው ደላላ ገና በመጀመሪያው ቀን «ነገ ሌላ ሰው ሊይዘው ነው» እያለ ቀብድ እንድጥል ወጥሮኝ ነበር። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ከመሬት አስተዳደር ተረጋግጦ ካልመጣ አንድ ብር አልሰጥም አልሁ። ማረጋገጫው 9 ቀን ፈጀ። የተባለው ሌላ ሰው በ9 ቀን ውስጥ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሻጩ ብቻውን ሊፈርም መጣ። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ድሬዳዋ እናቷን ለማስታመም ሄዳ ነበር። ደላላው ሁላችንም እንድንፈርምና እሷ ስትመለስ እንድትጨምርበት ሐሳብ አቀረበ። እኔ እስክትመጣ ወይም የውክልና ሥልጣን በተረጋገጠ ሰነድ እስክትልክ እንጠብቅ አልሁ፣ ሻጩም በጨዋ ደንብ ተስማማ። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። እርሷም መጥታ ውልና ማስረጃ ፊት ፈረመች፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ስለሚደነግግ፣ ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የሚጻፍ ውል ለሙግት እንጂ ለባለቤትነት አይሆንም።

ውሉ ላይ የሚሰፍረው ዋጋም አከራክሮን ነበር። አሳንሶ ማጻፍ እንደ ባህል ሆኗል፤ ሻጩ የካፒታል ዕድገት ግብር፣ ገዢው የቴምብር ቀረጥ ይቀንስልኛል ብሎ ያስባል። በሥራዬ ምክንያት ይህን ስመክርበት የኖርሁ ሰው ነኝ፣ መልሴም ያው ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ግምት ስላለው ብዙ ጊዜ የታሰበው ቅናሽ አይገኝም። ከዚህም ሌላ ውሉ በፍርድ ቤት ቢፈርስ ገዢው በማስረጃ ሊያስመልስ የሚችለው የተጻፈውን ያህል ነው፤ ቢሮውን በድርጅቱ መዝገብ ሲያስገባም በየዓመቱ ከገቢው የሚቀንሰው የሕንፃ እርጅና የሚሰላው ከዚያው ካነሰው ቁጥር ላይ ነው። ዛሬ ተረፈኝ ያለውን ነገ በየዓመቱ እየቆራረሰ ይከፍለዋል። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ ስል ሻጩ ለግብር የሚጨምርበትን ግማሹን እንድሸፍንለት ጠየቀኝ፤ ሸፈንሁለት። የቴምብር ቀረጡ 2 ከመቶ ነው። ሻጩ ግለሰብ ስለነበር ተጨማሪ እሴት ታክስ አልከፈልሁም፤ ለታክሱ ከተመዘገበ ሕንፃ ገንቢ አዲስ ቢሮ የሚገዛ ሰው ግን የተነገረው ዋጋ 15 ከመቶውን ይጨምር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ደላላው ከሁለታችንም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ምርቃት ጨምሮበት ሄደ።

ስለ ሕንፃው አገልግሎት ብዙ የምለው የለኝም። ሊፍቱ አለ፤ መብራት ሲኖር ይሠራል። ጄኔሬተሩ የሚበራው ለውኃ ፓምፑና ለኮሪደሩ መብራት ነው፤ ሊፍቱን እንዲያነሣ ቢደረግ ነዳጁን የሚችለው የለም ተብሏል። ዕድሜያቸው የገፋ ደንበኞች ስላሉኝ መብራት በጠፋ ቀን እኔ ወርጄ ምድር ቤት ካለው ካፌ እቀበላቸዋለሁ፤ የካፌው ባለቤት እንደ ሁለተኛ ቢሮዬ ስለሚያየው ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ይይዝልኛል። ካርድ ቆጣሪው የግሌ መሆኑ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በጋራ ቆጣሪ የሚሠሩት የ2ኛ ፎቅ ሰዎች በየወሩ ፍጆታ ሲያካፍሉ ድምፃቸው እስከ እኛ ይሰማል። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፣ ቁልፉ ከአንድ ክንድ በሚረዝም እንጨት ላይ ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ንጽሕናው ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ኢንተርኔቱ ፋይበር ነው፣ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የባለቤቶች ማኅበሩ ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙና የጋራ ወጪን በየድርሻቸው እንዲሸፍኑ ያዛል። የእኛም ማኅበር ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የባንክ ሒሳብ ግን አልነበረውም። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የሚሰበሰበው በእጅ፣ የሚመዘገበው በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ነበር። በድርሻ ይከፈል ቢባልም በተግባር የሚከፈለው በክፍል ቁጥር ስለነበር፣ እኔ 42 ካሬ ይዤ 110 ካሬ ከያዘው ሰው እኩል ስከፍል ቆየሁ። በስብሰባ ላይ ይህን ሳነሣ በሥራዬ ምክንያት ወዲያው ሒሳብ ሹም አድርገው መረጡኝ፤ ቅሬታ አቅራቢን ዝም የማሰኛ ጥሩ ዘዴ ነው። አሁን የባንክ ሒሳብ ተከፍቷል፣ መዋጮውም በካሬ ተሰልቷል። የ110 ካሬው ባለቤት ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቢሰጠኝም ቡና አይጋብዘኝም። ክፍል ለመግዛት የሚያስብ ሰው የማኅበሩን የመዋጮ ደብተር አሳዩኝ ማለት ይችላል፤ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ፣ ሻጩ ራሱ ውዝፍ እንዳለበት እዚያው ይታያል። የእኔ ሻጭ የ5 ወር ውዝፍ ነበረበት፤ ያወቅሁት ደብተሩን ስረከብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከኮሪደሩ ማዶ፣ ወደ ምሥራቅ የምታየው ክፍል ልትሸጥ መሆኑን ሰማሁ። ካርታዋ እንደ እኔዋ 42 ካሬ ነው የሚለው፣ የተጠየቀባት ዋጋ ግን እኔ ከገዛሁበት ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሊገዛት ፈልጎ ምክር ጠየቀኝ፤ ደላላው ዛሬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወስዶ አሳይቶት ነበርና ጓደኛዬ «ጥላ ናት፣ እንዴት ትቀዘቅዛለች!» እያለ ደስ ብሎት ተመለሰ። ነገ ሜትሬንና ቴርሞሜትሬን ይዘን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንገባለን።